ባንቺዓለምን የከበዳት ቀኖና

በ1958 ዓ.ም. ቢቸና ውስጥ ባንቺዓለምን የማያውቅ ሰው ቢኖር፣ ወጥ የማይበላ ሰው ብቻ ነው። በርበሬ ወቅጣ፣ አጣፍጣ፣ ለገበያ እያቀረበች ሦስት ልጆች የምታሳድግ ሴት ነበረች። ባሏ ፋንታ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወባ ይዞት ተመለሰ፤ በሳምንቱ ተቀበረ። እሷ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም! የአሥራ ሰባት ዓመቷን አገሬን፣ ተከታይዋን ቢሆነኝንና የአምስት ዓመቷን ውበቴን አንድም ቀን ጦማቸውን አላሳደረቻቸውም። እሷ ራሷ መቼ እንደምትበላ ግን ማን አየ? ሲጠይቋት "እኔማ ቅድም በልቻለሁ" ትላለች። ያቺን "ቅድም" የምትባል ሰዓት ከልጆቿ አንዱም አይቷት አያውቅም።

ሳሉ የጀመራት በጥቅምት ነው። "የበርበሬው ብናኝ ነው" አለች፤ ሁሉም አመናት። በርበሬ የሚወቅጥ ሰው ባያስል ነው የሚገርመው። እያደር ግን ጉንጮቿ ጎደጎዱ፣ ቀሚሷ ሰፋት። ጎረቤት ገፋፍቷት በጭነት መኪና ተሳፍራ ሞጣ ሄደች። እዚያ ከሐረር ተመድባ የመጣች ሰብለ ወንጌል የምትባል ነርስ መረመረቻትና "የሳንባ ነቀርሳ ነው እናቴ፤ ግን ይድናሉ" አለቻት። በየማለዳው ሦስት ሦስት የሚዋጥ የሦስት ወር ክኒን ሰጥታ፣ በደንብ እንድትበላና እንድታርፍ አደራ አለቻት። ባንቺዓለም እጅ ነስታ፣ መርቃት ተመለሰች።

ሦስቱ ወር ሲሞላ ክኒኑም አለቀ፤ ባንቺዓለም ግን ይበልጥ መነመነች። በዚህ ጊዜ ብቻዋን መሄድ ስላቃታት አገሬ ደግፋ ሞጣ ወሰደቻት። ነርሷ ደረቷን አዳምጣ ፊቷ ተለወጠ።

"መድኃኒቱን በደንብ ውጠውታል እናቴ?"

ባንቺዓለም ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ነርሷ አዲስ ብልቃጥ ከፍታ ክኒኖቹን መዳፏ ላይ ስታፈስ አገሬ አየቻቸውና ክው አለች።

"ይሄማ እኛ የምንውጠው ነው! እምዬ፣ ጧት ጧት የምትሰጪን አይደለም እንዴ? የሳል መከላከያ ነው ያልሽን?"

ሦስት ክኒን፣ ሦስት ልጅ... ለእናትየዋ ምን ቀረ? ምንም! ባንቺዓለም አንገቷን ደፋች። "ውበቴ ማሳል ጀምራ ነበር" አለች። "እነሱን ከያዛቸው እኔ ብድን ምን ያደርግልኛል?" ወይ እናት! ይህን ሰምቶ የማይደነቅ ልብ የት አለ? ይህን ሰምቶ የማያለቅስስ? ነርሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። ከዚያም በሽታው ሦስት ወር ሙሉ ያለ ከልካይ እንደሠራ፣ እናቷ ከእንግዲህ መድኃኒቱን አንዲት ቀን እንኳ ማጓደል እንደሌለባት ለአገሬ ለብቻዋ ነገረቻት።

በመንገዱ ሁሉ አገሬ አንድ ነገር ብቻ ታስብ ነበር። የእናቴን ዕድሜ በየጧቱ አንድ አንድ እያልኩ ስውጥ ከረምኩ! ቢቸና እንደደረሱ በቀጥታ የሄደችው ወደ እናቷ የንስሐ አባት፣ ወደ አባ ገብረ ሚካኤል ነው። ባንቺዓለም የሰው ምክር በአንድ ጆሮዋ ሰምታ በሌላው ታፈሰዋለች፤ የንስሐ አባቷን ቃል ግን አትሽርም። አባ በማግስቱ መጡ።

"ልጄ ባንቺዓለም፣ ቀኖና ልሰጥሽ ነው።"

"ይስጡኝ አባ፤ ኃጢአቴ ብዙ ነው።"

"ከነገ ጀምሮ፣ እኔ በቃሽ እስክልሽ ድረስ፣ ልጆችሽ እህል ሳይቀምሱ አንቺ ቁጭ ብለሽ ጠግበሽ ትበያለሽ። ክኒንሽን ትውጫለሽ። ሁዳዴ ቢገባም ወተት ትጠጫለሽ፤ ቀን ቀን ጋደም ትያለሽ። በርበሬውን አገሬ ትወቅጥ።"

ባንቺዓለም እግራቸው ላይ ወደቀች። "ልጆቼ እያዩኝ? አባ፣ ስለ እመብርሃን! ስግደት ይዘዙልኝ፤ አንድ ሺህም ቢሆን እሰግዳለሁ!"

"እያዩሽ" አሉ አባ።

የመጀመሪያዋ ጧት! ልጆቹ ተደርድረው ተቀመጡ። ባንቺዓለም እንጀራውን ቆረሰች፣ ጠቀለለች፣ አፏ ጋ አድርሳ ተወችው። ዓይኗ ውበቴ ላይ ነው። እጇ ሳታዝዘው ወደ ልጂቱ ተዘረጋ። አገሬ ያን እጅ አፈፍ አድርጋ ያዘችና ጉርሻውን ወደ እናቷ አፍ መለሰችው። "ብዪ እምዬ! ብዪልን!" አለች እየተንሰቀሰቀች። ባንቺዓለም እንባዋን ከእንጀራው ጋር ዋጠችው።

እንዲህ እያለች ለመደችው። ጎረቤት ወተት አዋጣላት። ፊቷ መለስ አለ፤ ሹሩባ ተሠራች፤ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ስትስቅ ልጆቿ ዘወር ብለው አዩዋት። እናታቸው ይህን ያህል ቆንጆ መሆኗን ማን ነግሯቸው? አገሬ እናቷ የተረፈች መሰላት... ግን ምን ያደርጋል! የጠፉት ሦስት ወራት የሠሩትን ሠርተው ነበር። ክረምቱ ሲገባ ደም ያስላት ጀመር፤ መድኃኒቱንም ምግቡንም ሳታጓድል በነሐሴ አልጋ ላይ ዋለች።

አባ ገብረ ሚካኤል ሊያናዝዟት ሲመጡ አገሬ ልትወጣ ተነሣች። "ትቆይ፤ እሷም ትስማ" አለች ባንቺዓለም በተቆራረጠ ድምፅ። "አባ... የሰጡኝን ቀኖና ፈጽሜያለሁ። ግን አንድ ነገር ደብቄዎታለሁ።"

"ምን ደበቅሽኝ ልጄ?"

"ጣፈጠኝ አባ። መጀመሪያ አለቀስኩ፤ ኋላ ግን... ጠግቦ መነሣት፣ ቀን ጋደም ማለት... ደስ አለኝ። ቅጣት መሆኑን ረሳሁት። ይቅር ይበሉኝ።"

ሽማግሌው መስቀሉን እንደያዙ ወደ አልጋዋ ጎንበስ አሉ። "ኃጢአትስ የእኔ ነው" አሉ፤ "ያን ሁሉ ዓመት እያናዘዝኩሽ፣ በልተሽ ታድሪ እንደሆነ አንድ ቀን ሳልጠይቅሽ! እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ።" ባንቺዓለም መስቀሉን ተሳለመች፤ የአገሬን እጅ እንደያዘች አረፈች።

በቀብሩ ዕለት የቢቸና ሴቶች ሁሉ ወጡ። አባ በመቃብሩ አፋፍ ቆመው፣ እንደ ወትሮው ስለ ሞት አላስተማሩም። "ከእናንተ መካከል ትናንት ከልጆቿ እኩል ቀርባ የበላች እጇን ታውጣ" አሉ። አንዲት እጅ አልወጣችም። "እንግዲያው ሂዱና ብሉ" አሉ አባ፤ "የሁላችሁም ቀኖና ነው።"

ባንቺዓለምን የገደላት ሳሉ ነው ወይስ ፍቅሯ? ዕጣ ፈንታ ይህን አይመልስም፤ ለእኔም አልመለሰልኝም። እንደዚያች ያለች እናት ግን መሬት ደጋግማ አታበቅልም፤ ይህን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። አገሬ ዛሬ የአምስት ልጆች እናት ናት። ማዕድ ሲቀርብ በመጀመሪያ የምትቆርሰው እሷ ናት፤ አገር ቢያማትም ግድ የላትም።