በውሰት የሄደ አውሮፕላን

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አራተኛ ዓመት የብርዱ ወራት ክፉ ነበር። በእንግሊዝ አገር፣ በኖርፎክ ጠረፍ ያለው የአውሮፕላን ሜዳ ከኅዳር እስከ የካቲት ጭቃ ሆኖ ከረመ። የድንጋይ ከሰል በልክ ይሰፈራል። ውሃ በቧንቧ ውስጥ በረዶ ሆኖ ይረጋል። ስኳድሮኑ፣ ማለትም የተዋጊ አውሮፕላኖቹ ጓድ፣ ሲመጣ አሥራ ስምንት አብራሪዎች ነበሩት፤ ለገና ሰባቱ አልነበሩም። በምግብ ቤቱ የእነሱን ወንበር የሚያነሳ የለም፤ የሚቀመጥበትም የለም።

ኢዳ ክሮስዌል የሞተር መካኒክ ነበረች፤ ዕድሜዋ ሃያ ሁለት። አባቷ በኖሪች ከተማ ብስክሌት ይጠግናል፤ መፍቻ መያዝ የለመደችው ከማንኪያ እኩል ነው። በእሷ እጅ ያለው ስፒትፋየር የተባለ ተዋጊ አውሮፕላን ጎኑ ላይ «ኬ» የሚል ፊደል ተጽፎበት ስለነበር ሁሉም ኬ ይሉታል።

በዚያ ሜዳ አንድ ሥርዓት ነበር። አውሮፕላኑ የመካኒኩ ነው፤ አብራሪው ይዋሰዋል እንጂ የእሱ አይደለም። ከመነሳቱ በፊት መካኒኩ «ደህና ነው» ብሎ በመዝገቡ ይፈርማል፤ አብራሪው «ተረክቤያለሁ» ብሎ ከሥሩ ይፈርማል። ሲመለስ ስለ ሞተሩ ያየውን በባዶው መስመር ጽፎ እንደገና ይፈርማል። ያኔ ውሰቱ ተመለሰ ይባላል።

ኬን የሚዋሰው ሃምሳ አለቃ ኤምሪስ ፔንሪ ነው። ዌልሳዊ፣ ቀጭን፣ ጆሮው ገተር ያለ። በመጀመሪያው ቀን መዝገቡን ስትሰጠው ኪሱን ዳበሰ።

«እርሳስ አለሽ?»

«አውሮፕላኔን ልትዋስ መጥተህ እርሳሴን ጨምረህ?»

«ምን ላድርግ፣ እኛ ዌልሶች ድሆች ነን።»

«ድሃስ አትመስልም፤ ቀማኛ ነው የምትመስለው። ሁለቱንም መልስ!»

«እመልሳለሁ። ብድር በምድር።»

መለሰ። አርባ አንድ ጊዜ ሄዶ አርባ አንድ ጊዜ መለሰ። በባዶው መስመር የሚጽፈው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ሞተሩ እንከን የለውም።» እርሳሱ ከደረት ኪሱ ስለሚወጣ ሙቅ ነበር። ኢዳ ሙቀቱ እስኪጠፋ በመዳፏ ትይዘዋለች፤ ከዚያ ነው ወደ ሥራዋ የምትመለሰው።

አንድ ቀን እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ሞተሩ እንከን የለውም። መካኒኳ ግን አትስቅም።»

የመካኒኮቹ አለቃ ሻምበል ባሻ ግሪምዉድ መዝገቡን አይቶ ጮኸ።

«ይሄ የመንግሥት መዝገብ ነው! የሠርግ መጥሪያ መሰለህ እንዴ፣ አንተ ልጅ?»

ያን ቀን ኢዳ ሳቀች። ኤምሪስ ሳቋን አየ። ከዚያ በኋላ ሲያያት ቀልዱ ቀነሰ።

በጥር አንድ ጠዋት ኢዳ የሞተሩን ማቀዝቀዣ ውሃ የሚያስተላልፈውን ጎማ ቱቦ ቀየረች። ጣቶቿ ደንዝዘው ነበር። ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ አጠበቀች። ሦስተኛውን ማጥበቅ ነበረባት፤ አጥብቃ ይሆናል። ፈረመች።

ኤምሪስም ፈረመ። እርሳሱን ኪሱ ከተተ።

«ስመለስ አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ» አላት።

«አሁን ጠይቀኝ።»

«ውሰት ሳይመለስ ሌላ አይጠየቅም።»

አልተመለሰም። አብሮት የበረረው ሰው ያየውን ተናገረ፤ ባሕሩ ላይ ሳሉ ከኬ ሆድ ነጭ ጭስ ወጣ፣ የጠላት አውሮፕላን በአካባቢው አልነበረም፣ ከዚያ ደመና ዋጠው። ነጭ ጭስ ማለት ውሃው ፈሰሰ ማለት ነው። ይህን የማያውቅ መካኒክ የለም። ለኢዳ ግን ማንም ቃል አልተነፈሰም። ግሪምዉድ ሻይ አምጥቶ አጠገቧ አኖረና ሄደ። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ወሬ መጣ። ኤምሪስ በሕይወት አለ፤ እግሩ ተሰብሮ ተማርኳል፤ ጀርመን አገር ታስሯል። ሜዳው ሁሉ ጮቤ ረገጠ። ኢዳ ከአንድ አውሮፕላን ክንፍ ሥር ገብታ አለቀሰች። ከዚያ ጻፈችለት። ጥያቄዋ አንድ ነበር፦ ቱቦው ነው?

መልሱ በአራት ወሩ ደረሰ። «ስለ ሞተሩ ለጠየቅሽኝ» ይላል፤ ቀጥሎ ያለውን የምርኮኞችን ደብዳቤ የሚመረምረው ሰው በጥቁር ቀለም ደፍኖታል፤ ሁለት መስመር ሙሉ። ከዚያ «እግሬ እየዳነ ነው። እርሳስሽ እኔ ጋ ነው። ጠብቂኝ» ይላል።

ወረቀቱን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘረጋችው። ምንም አይታይም። ቱቦው ባይሆን «አይደለም» ለማለት አንዲት ቃል ትበቃው ነበር አለች በልቧ። ሁለት መስመር የሚጽፍ ሰው የሚያጽናና ሰው ነው። እግሩን የሰበረች እጅ ምን ብላ ትጽፍለታለች? ሳትመልስለት ቀረች። ሁለት ደብዳቤ ጨመረ፤ ለእነዚያም ዝም አለች።

ስኳድሮኑ ባሕር ሲሻገር አሮጌ መዝገቦች እንዲቃጠሉ ታዘዘ። ግሪምዉድ ከኬ መዝገብ አንዲት ገጽ ቀዶ ሰጣት።

«እንኪ። ይቺ አልተዘጋችም» አላት። «ያልተዘጋ ነገር አላቃጥልም።»

ጦርነቱ አለቀ። ኢዳ ወደ አባቷ ሱቅ ተመለሰች። በጥቅምት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አጎንብሳ ጎማ ስትጠግን በሩ ተከፈተ።

«ብስክሌት ትጠግናላችሁ?»

«ምን ሆነ?» አለች ቀና ሳትል።

«መካኒኳ ደብዳቤ አትመልስም።»

መፍቻው ከእጇ ወደቀ። ኤምሪስ በሩ ላይ ቆሟል። ከስቷል፤ አንድ እግሩን ይጎትታል። ፊቱ አይስቅም።

«ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ኢዳ። ሌላ ሰው አግኝታለች ብዬ ነው የመጣሁት። የሰው ዕቃ ይዤ መኖር ስለማልወድ።»

እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። የጣት አንጓ ታህል ቀርታለች።

«ቱቦው ነው?» አለችው።

«የቱ ቱቦ?»

«ነጩ ጭስ። ሦስተኛውን ማጥበቄን አላስታውስም።»

«ጻፍኩልሽ እኮ!»

ከመሳቢያው ደብዳቤውን አውጥታ ሰጠችው። ኤምሪስ ጥቁሩን ቀለም አየ። ቀስ ብሎ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«ይሄን ይዘሽ ነው የከረምሽው?»

ዓይኑ መሳቢያው ውስጥ ካለችው ገጽ ላይ አረፈ። ከላይ የእሷ ፊርማ፣ ከሥሩ የእሱ፣ ከዚያ ባዶው መስመር። ገጿን ስቦ እርሳሷን አነሳ፤ እየተጫነ፣ ሳይቸኩል ጻፈ።

«ከጠላት መርከብ የተተኮሰ ጥይት ፍንጣሪ ራዲያተሩን በሳው። ሞተሩ ያለ ውሃ አራት ደቂቃ ሠርቶ ከባሕሩ አውጥቶ መሬት አደረሰኝ። ሞተሩ እንከን የለውም።»

ፈረመ።

ኢዳ አንድ ጊዜ አነበበች። ደገመች። ሦስተኛውን ጮክ ብላ፣ በጣቷ እየተከተለች አነበበች።

«አውሮፕላኑን እንኳ አልመለስኩም» አለ ኤምሪስ። «ሆላንድ ረግረግ ውስጥ ነው።»

«ይቅር» አለች። ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። «ልትጠይቀኝ የነበረውን አሁን ጠይቀኝ።»

«መጀመሪያ ውሰቴን ልመልስ» አለና እርሳሱን ዘረጋላት። ተቀበለችው። ሙቅ ነበር። በመዳፏ ጨበጠችው፤ ወደ ጎማውም አልተመለሰችም።