ቄስ ገብረ ሚካኤል ሊገዙት የነበረው ቤት

ጎንደር አራዳ ገበያ አጠገብ የሕንፃ መሣሪያ እሸጣለሁ። ይህ ሥራ ሰውን ለመታዘብ ይመቻል። አንድ ኪሎ ሚስማር ሊገዛ የመጣ ሰው ሚስማሩን አንሥቶ ያጎብጠዋል፣ ዝገት እንዳለው በጥፍሩ ይፍቀዋል፣ ከዚያም «እስቲ ቆይ፣ እመለሳለሁ» ብሎ ሱቁን ሁሉ ሲዞር ይውላል። ይኸው ሰው የዕድሜ ልክ ጥሪቱን አውጥቶ ቤት ሲገዛ ግን «ለመሆኑ ቤቱ የማን ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ያፍራል። ይህ ነገር ለምን እንደሚሆን ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። መልሱን ያገኘሁት ከገዛ እህቴ ቤት ነው። ቤት ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ ታሪኩን አድምጡኝ። የገዛችሁም አድምጡ፣ ነገ ልጆቻችሁ ይገዛሉና።

እህቴ ወለተሩፋኤል የቄስ ገብረ ሚካኤል ባለቤት ናት። ቄስ ገብረ ሚካኤል ከከተማችን አድባራት በአንዱ የሚያገለግሉ፣ ድምፃቸው የሚያምር፣ በሰው ላይ ክፉ ማሰብ የማይሆንላቸው ካህን ናቸው። ከተጋቡ ጀምሮ የኖሩት በኪራይ ቤት ነው። ዘንድሮ አከራያቸው ቤቱን አፍርሶ ፎቅ ሊሠራ ስለሆነ ክረምት ሳይገባ እንዲወጡ ነገራቸው። እህቴ ከአባታችን የደረሷትን ከብቶች ሸጠች፤ እሳቸውም ለዓመታት ያጠራቀሙትን ጨመሩበት። ያ ገንዘብ ከጠፋ ሌላ የሚተካ ነገር አልነበራቸውም።

እህቴን አታውቋትም እንጂ ጠያቂ ናት። ከእንፍራንዝ የመጣ ነጋዴ ሽንኩርት ሲሸጥላት እንኳ ማሳው ውሃ የሚጠጣው ከየት እንደሆነ ሳትጠይቅ አትገዛም። ባሏ «ወለተሩፋኤል መንግሥተ ሰማያት ስትደርስ ቅዱስ ጴጥሮስን ቁልፉን ማን እንደሠራው ሳትጠይቅ አትገባም» እያሉ ይቀልዱባታል።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ቄስ ገብረ ሚካኤል ፊታቸው በርቶ ገቡ። እኔም እዚያው ነበርሁ።

«ቤት ተገኘ» አሉ። «ከሳሙና በር ገባ ብሎ ያለው የህሩይ ቤት። ሊሸጥ ነው፣ ለእኔ ቅድሚያ ሰጠኝ።»

ህሩይ የንስሐ ልጃቸው ነው። አባቱ አቶ አወቀም እስከ ዕለተ ሞታቸው የንስሐ ልጃቸው ነበሩ።

«ቤቱን መቼ አዩት?» አለች እህቴ።

«እንዴ! በየጊዜው ጠበል የምረጭበት ቤት ነው እኮ። ከሳሎን እስከ ጓዳ ያልረጨሁት ማዕዘን የለም። ምኑ ቀርቶኝ ነው የማየው?»

«አንቱማ ረጩ። ሲረጩ ግን ዓይንዎ መጽሐፉ ላይ ነው። ካርታው በማን ስም ነው?»

ቄስ ገብረ ሚካኤል ተቆጡ። «የንስሐ ልጄን ካርታ አምጣ ልበለው? ኃጢአቱን የሚነግረኝ ልጅ ቤቱን ይደብቀኛል? ነውር ነው! ደግሞም መስቀሌን ይዤ ቤትህን እገዛለሁ ብዬዋለሁ። የካህን ቃል አይታጠፍም።»

እዚህ ላይ ልቆጣ ነውና ታገሡኝ። በእኛ ከተማ ቤት የሚሻሻጠው በአብዛኛው የሚተዋወቅ ሰው ነው። አንዱ የጽዋ ማኅበርተኛ ነው፣ ሌላው አበልጅ፣ ሌላው የንስሐ ልጅ። ሰውየውን ስላወቅን ቤቱንም ያወቅን ይመስለናል። ዝምድናው በጠበቀ መጠን ጥያቄያችን ይቀንሳል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ለወዳጅ ሲሆን ግን ይሉኝታ አፋችንን ይይዘናል። አንድ ደንበኛዬ እንዲሁ በይሉኝታ ከአበልጁ ቤት ገዛ። ከተማ አስተዳደር ሄዶ አልጠየቀም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ በተራ ወረቀት ተፈራረሙ። ኋላ የሻጩ እኅቶች «የእኛም ድርሻ አለበት» ብለው ከሰሱት። ከእኔ የገዛው ቆርቆሮ ሦስት ክረምት ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ፣ እሱ ፍርድ ቤት ይመላለሳል።

ይህንን ለቄስ ገብረ ሚካኤል ብነግራቸው «ህሩይ እንዲያ ያለ ልጅ አይደለም» አሉኝ። በመጨረሻ እህቴ አላስቀምጥ ስላለቻቸው ቅዳሜ ቤቱን ለማየት ተስማማን። እኔ ግድግዳና ጣሪያ እንዳይ አብሬ ተጠራሁ።

ስንደርስ ዶሮው ተሠርቷል፣ ጠላው ተቀድቷል። ይህም አንዱ ልማዳችን ነው፤ ገዢን መጀመሪያ እናበላዋለን፣ ቤቱን የምናሳየው ከዚያ በኋላ ነው። የሰው እንጀራ በልቶ «ጣሪያችሁ ያፈሳል ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ ማን ይደፍራል? እህቴ ግን «እናንተ ቅመሱ፣ እኔ አስቀድሜ ልዘዋወር» ብላ ወጣች። ቄስ ገብረ ሚካኤል በሀፍረት አንገታቸውን ደፉ።

እኔም ተከተልኋት። የክረምት ጎርፍ በየት በኩል እንደሚወርድ የጎረቤት ሴት ጠየቀች፤ የቧንቧ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ጠየቀች፤ አጥሩ የጋራ መሆኑንና አለመሆኑን ጠየቀች። እኔ ግድግዳውን አንኳኳሁ፣ መሠረቱን አየሁ። ድንጋዩ ጥሩ ነው፣ ቆርቆሮውም ዝገት አልነካውም። አልዋሽም፣ ቤቱ ደህና ቤት ነበር።

ተመልሰን ስንገባ አንዲት ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ማስታጠቢያ ይዛ መጣች።

«ትርንጎ፣ ደህና ነሽ?» አሉ ቄስ ገብረ ሚካኤል እጃቸውን እየዘረጉ።

«እግዜር ይመስገን፣ አባ።»

አስታጥባን ወደ ጓሮ ሄደች። እህቴ በዓይኗ ሸኘቻት፤ ከዚያ «ሰርቪሱንም ልየው» ብላ ተነሣች። ገባኝ፣ ልትጠይቅ ነው። እኔም የሰርቪሱን ጣሪያ የማይ መስዬ ደጁ ላይ ቆምሁ።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ አልጋ፣ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል፣ ከሥዕሉ ዝቅ ብሎ ደግሞ የሟቹ የአቶ አወቀ ፎቶግራፍ አለ።

«እቴ ትርንጎ፣ አገርሽ የት ነው?» አለች እህቴ።

«አዲ አርቃይ ነው።»

«ከመጣሽ ቆየሽ?»

«ኧረ ብዙ ጊዜየ ነው። አያ አወቀ ሲታመሙ ነው የመጣሁ። እኔው ነኝ ያስታመምኋቸው፣ ዓይናቸውንም የከደንሁ እኔው ነኝ።»

«ዘመድሽ ናቸው?»

ትርንጎ ወደ ፎቶግራፉ አየች። «አባቴ ናቸው።»

«ታዲያ ምነው አያ ትያቸዋለሽ?»

«ሰው ሲጠራቸው የሰማሁት እንዲያ ነው። እኔን አገር ቤት ወልደው ነው ጎንደር የገቡ። ኋላ በሥርዓት ሚስት አገቡ፣ ህሩይን ወለዱ፤ እናቱ ቀድመዋቸው አርፈዋል። እኔ ስመጣ ለሰው ዘመዴ ናት ማለቱ ይሻላል ተባለ፤ እኔም እሺ አልሁ። የእሳቸው ልጅ መሆኔን አዲ አርቃይ ሁሉ ያውቃል። ህሩይም ያውቃል።»

እህቴ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠች። «ቤቱ ሲሸጥ ታዲያ ወዴት ልትሄጂ ነው?»

«የቱ ቤት?» አለች ትርንጎ።

አባቷን አስታማ የቀበረች ሴት የአባቷ ቤት እየተሸጠ መሆኑን የምትሰማው ከገዢ አፍ ነው። ዶሮውም የተሠራው በእሷ እጅ ነበር።

እህቴ ወደ ሳሎን ተመለሰች። አልጮኸችም። «ልጄ ህሩይ» አለች፣ «ካርታው በማን ስም ነው?»

«በአባቴ ስም ነው፤ በቅርቡ አዞረዋለሁ።»

«አባትህ ስንት ልጅ አላቸው?»

ህሩይ ወደ ጓሮው በር አየና ፊቱ ተለዋወጠ። «ስለ ትርንጎ ከሆነ እሷ ከገጠር የመጣች ናት። አባቴ በአደባባይ ልጄ ብሎ አልጠራትም። የሆነ ነገር እሰጣታለሁ፣ ወደ አገሯ ትመለሳለች። በቤተሰብ የሚያልቅ ነው። ገዢን ምን አገባው?»

«ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነው» አለች እህቴ። «በዚህ ቤት ልጆቼን ይዤ የምገባው እኔ ነኝ።»

ቄስ ገብረ ሚካኤል የያዙትን ጉርሻ መልሰው ትሪው ላይ አስቀመጡት። «ህሩይ፣ ልጅ ናት ወይስ አይደለችም?»

«ናት፣ አባቴ፣ ግን...»

«ስንት ጊዜ እጄን አስታጥባኛለች» አሉ፤ የሚናገሩት ለእሱ ይሁን ለራሳቸው አልለይ አለኝ። «አንድ ቀን እንኳ የማን ልጅ ነሽ አላልኋትም። እኔ ነኝ የቤቱ የንስሐ አባት!» ከዚያ ቀና አሉ። «ልጄ፣ ቃሌን አላጥፍም። ቤቱን እገዛለሁ ብያለሁ፤ ባለቤቶቹ ሲሸጡልኝ እገዛለሁ። አንተ ግን ብቻህን ባለቤት አይደለህም።»

«ሌላ ገዢ ሞልቷል!» አለ ህሩይ። መስቀል እንኳ ሳይሳለም ጥሎን ወጣ።

እኛም ወደ ቤታችን ተመለስን። ነገሩ እረፍት ስለነሣኝ በማግስቱ አንድ የሕግ ባለሙያ ደንበኛዬን ጠየቅሁት። «በሟች ስም ያለ ቤት ውርሱ በፍርድ ቤት ሳይጣራ አይዞርም» አለኝ። «አገር ቤት ተወለደ፣ ከጋብቻ ውጭ ተወለደ፣ ልጅ ልጅ ነው። ሳይጠየቅ የቀረ ወራሽ ቆይቶም ቢሆን መጥቶ ሊከስ ይችላል። ያን ጊዜ ገንዘቡን ለማስመለስ የሚንከራተተው ገዢው ነው።» ይህን ስሰማ የእህቴ ከብቶች በዓይኔ ላይ ሄዱ።

ክረምቱ ገባ። እህቴ ልጆቿን ይዛ ከሱቄ ጀርባ ካሉኝ ሁለት ክፍሎች ተጠጋች። አልደብቃችሁም፣ ኑሮው ከባድ ነበር። ዕቃቸው ከሲሚንቶና ከቀለም ቆርቆሮ ጋር ተደባለቀ፤ ቄስ ገብረ ሚካኤል ለኪዳን ሲነሡ የልጆቻቸውን እግር እየተሻገሩ ነበር የሚወጡት። አንዳንድ ባልንጀሮቻቸው «በሴት ወሬ ደህና ቤት አመለጠዎት» አሏቸው። እሳቸውም አንዳንድ ቀን ዝናቡ ሲበረታ ደጅ ደጁን ያያሉ። መቆጨታቸው ያስታውቅ ነበር፤ ሰው ናቸውና።

ህሩይም ያሰበው አልሆነለትም። ገዢ በመጣ ቁጥር፣ ውሉን ሊያስመዘግቡ ሲሄዱ ህሩይ የወራሽነት ማስረጃ አምጣ ይባላል። ፍርድ ቤት ሲሄድ ደግሞ የሟች ልጆች እነማን እንደሆኑ ተጠየቀ። ኋላ እንደነገረን፣ «እኔ ብቻ» ሊል አፉን ከፈተ፤ ምሎ እኅቱን መካድ ግን አቃተው። የትርንጎን ስም ከነአባቷ ተናገረ።

ከመስቀል በኋላ አንድ ቀን ሁለቱ አብረው ከሱቄ መጡ። ህሩይ የቄስ ገብረ ሚካኤልን መስቀል ተሳለመና አንገቱን እንደደፋ ተናገረ። «አባቴ፣ ይፍቱኝ። ፍርድ ቤቱ ሁለታችንንም ወራሽ ብሎናል። ያ ቃልዎ ካለ፣ ቤቱ ለእርስዎ ነው።»

የቄስ ገብረ ሚካኤል ፊት እንደዚያ ሲበራ ክረምቱን ሙሉ አላየሁም። እህቴም ዕንባዋ መጣ። ግን እህቴ እህቴ ናት።

«ትርንጎስ ምን ትላለች?» አለች።

ሁላችንም ወደ ትርንጎ ዞርን። ነጠላዋን አስተካከለች፤ ለመናገር ከብዷት ነበር።

«አባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። «መቸገርዎን አይቻለሁ፤ ለእኔ ሲሉ ነው ሜዳ የቀሩ። ግን አልሸጥም። በአባቴ ቤት እንግዳ ሁኘ ነው የኖርሁ። እስቲ ደግሞ ልጅ ሁኘ ልኑርበት።»

ህሩይ ሊናገር ሲል ቄስ ገብረ ሚካኤል በእጃቸው ከለከሉት። ዞር ብለው ከሱቁ ጀርባ ወዳሉት ክፍሎች አዩ። ቤት አጥተው በሰው ጓሮ የከረሙ ሰው ናቸው። ከዚያ መስቀላቸውን አውጥተው ግንባሯን ባረኩ።

«ሸጋ ተናገርሽ። እግዚአብሔር ቤትሽን ይባርክልሽ» አሏት።

ትርንጎ «ቤትሽን» ሲሏት ሰማች። እዚያው ሚስማር ሳጥኖቹ መካከል ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ህሩይም አጠገቧ ተቀመጠ።

ቄስ ገብረ ሚካኤል ከእኔ ጓሮ ወጥተው ዛሬም ኪራይ ላይ ናቸው፤ በአዘዞ በኩል አንድ ትንሽ ቤት እያየን ነው። አሁን እሳቸው ራሳቸው ካርታውን ያያሉ፣ ዕዳና እገዳ እንዳለበት ያጣራሉ፣ በቤቱ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ በስሙ ይጠይቃሉ። ባለፈው ሳምንት ሻጩ «አባ፣ ፖሊስ ነበሩ እንዴ?» ብሎ ሳቀባቸው። እናንተም ጠይቁ እላለሁ፤ ሻጩ ወዳጅ ከሆነማ አብልጣችሁ ጠይቁ። ጠይቆ የተወ ሰው የሚያጣው አንድ ቤት ነው። ሳይጠይቅ የገባ ግን የሌላ ሰው ዕንባ ባለበት ቤት ልጆቹን ያሳድጋል።