ያልተቀበልነው መስመር

ፈጠራ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። በሉ። ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም እንደዚያው ነበር የምለው።

ግን በእኔው ላይ የደረሰ ነው። አንድም ቃል አልጨመርኩበትም።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ጨለማ የለም፣ ዝናብ የለም። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ተንጣልላለች። ቦታው ምሥራቅ ኬንታኪ፣ ኦተር ጅረት ዳር ያለችው ነጯ የእንጨት ቤተ ክርስቲያናችን ናት።

ፊደል ከሳትኩ ይቅር በሉኝ። የምጽፈው በግራ እጄ ነው። ለምን እንደሆነ ስትደርሱበት ታውቁታላችሁ...

ስሜ ኔቫ ነው። የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። አባቴ አርቪል ሠላሳ አንድ ዓመት ከሰል ቆፍሯል። አቧራው ሳንባው ውስጥ ስለቀረ የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫው ላይ ሰክቶ ነው የሚውለው። ከሌላ ክፍል ሆኜ እንኳ የደረቱ ፉጨት ይሰማኛል።

ሲዘምር ግን ፉጨቱ ይጠፋል። ያን ሁሉ ትንፋሽ ከየት እንደሚያመጣው ሐኪሙም አያውቅም።

እኛ ቤተ ክርስቲያን ፒያኖ የለም። ጊታር የለም። አንድ ሰው ያወጣል፣ ሌሎቻችን እንቀበላለን። አውጪው አንዷን መስመር ለብቻው ፈጠን አድርጎ ይሰጣል። እኛ ያቺኑ መስመር እየጎተትን፣ ቀስ ብለን እንመልሳታለን። ከዚያ ሁለተኛዋን ይሰጣል። እንዲህ እያልን እስከ መጨረሻው።

አንድ ደንብ አለን። የትም አልተጻፈም፣ ግን በልጅነታችን እናውቀዋለን። አውጪው አንድ መስመር ከሰጠ እንቀበለዋለን። ቢሳሳትም፣ ቢያስለው፣ እዚያው ቢወድቅ እንኳ... መጀመሪያ መስመሩን እንቀበላለን፣ ከዚያ እናነሳዋለን።

ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ያን ቀን የመጣው ሰው ጋሪክ ይባላል። የፊልም ሙዚቃ የሚሠራ ሰው ነው። ፊልሙ ስለ አንድ የተደረመሰ የከሰል ጉድጓድ ነው፤ ሙዚቃው በሙሉ የእኛ የተራራ ሰዎች የድሮ ዜማ እንዲሆን ተወስኗል። ፊድል የምንለውን ቫዮሊንና ባንጆውን ቀርጾ ጨርሷል። ለቀብሩ ትዕይንት የቀረው የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ብቻ ነበር።

የደወልኩለት እኔ ነኝ።

አባቴ ሲሞት ድምፁ አብሮት እንዳይቀበር ፈለግሁ። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

ከአባቴ ጋር ዘጠኝ ነበርን። ጋሪክ ማይክራፎኖቹን ከጣሪያው ላይ ሲሰቅል እህት ዴልፊያ ከፊት ወንበር ሆነው ያዩታል። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ምላሳቸው ግን አላረጀም።

"ልጄ፣ ፀጉርህን እንዲህ የቋጠረችልህ ሚስትህ ናት?"

"ሚስት የለኝም፣ እማማ።"

"ገባኝ። ቋጠሮውን አይታ ነው የሄደችው።"

ሳቅን። አባቴም ሳቀ፣ ሳቁ ግን ወደ ሳል ተለወጠበት። ከዚያ ቱቦውን ከአፍንጫው ነቅሎ ቆመና አወጣ።

ሦስቱን አንቀጽ እንደ ድሮው ዘመርን። እንባዬ መጣ። የመጨረሻውን አንቀጽ ጀመረ።

"ከተራራው ሥር የጠበበ ቤት አለኝ..."

ስምንታችን አየር ሳብን።

ጋሪክ እጁን አነሳ። "በቃ፣ በቃ። ግሩም ነው። የሚበቃኝን አግኝቻለሁ።"

አፋችን እንደተከፈተ ቀረ።

እህት ዴልፊያ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። "ኔቫ... መስመሩ።"

"እንግዳ ነው እኮ። አያውቅም።"

"እኛስ?"

ሰዎቹ ሁሉ እኔን ያዩኛል፤ እንግዳውን ያመጣሁት እኔ ነኛ። ሰውዬውን ማሳፈር ከበደኝ። ቀኝ እጄን ዘርግቼ መዳፌን ወደ ታች አወረድኩ። ተዉት ማለቴ ነው።

የሳብነውን አየር ቀስ ብለን አስወጣነው።

"አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ" አለ ጋሪክ። "አንድ ደቂቃ ማንም አይናገር፣ ማንም አይንቀሳቀስ። ባዶውን ክፍል እቀርጻለሁ። ስንቆርጥና ስንቀጥል የክፍሉ ዝምታ ያስፈልገናል።"

ጆሮ ማዳመጫውን አጥልቆ ቁልፉን ተጫነ።

ዝም አልን።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት መስኮቱ ላይ ጥዝ ስትል የነበረችው ዝንብ ጸጥ ማለቷን ነው። ቀጥሎ የአባቴን ደረት አዳመጥኩ... ፉጨቱ የለም። አባቴ ዓይኑን ከድኖ፣ አፉን ገጥሞ ተቀምጧል።

የጋሪክ ፊት ተለወጠ። መሣሪያው ላይ የድምፁን መጠን የምታሳየው አረንጓዴ መብራት ወደ ላይ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ጋሪክ ቀና ብሎ የእያንዳንዳችንን አፍ ተራ በተራ አየ።

ደቂቃው ሲያልቅ ማዳመጫውን አውልቆ ሰጠኝ።

"ማነው ሲዘምር የነበረው?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ማንም።"

"ስሚው እስቲ።"

ሰማሁት። መስመሩን ተቀብለውታል... ቀስ ብለው፣ እየጎተቱ፣ ልክ እንደ እኛ። ግን ስምንት ሰው አይደለም። ብዙ ነው። ደግሞ የሚመጣው ከወለሉ ሥር ነው። በመካከላቸው የአባቴ ደረት ያፏጫል።

እህት ዴልፊያ ፊቴን አይተው ጠየቁኝ። "ተቀበሉት?"

ማዳመጫውን አውልቄ ለጋሪክ መለስኩለት።

"ማን ነው የተቀበለው፣ አንቺ ልጅ?"

"ማንም፣ እህት ዴልፊያ" ብዬ ዋሸሁ።

አባቴ በእግሩ ከገባባት ቤተ ክርስቲያን ሁለት ሰው ደግፎት ወጣ። ያን ቀን ማታ የኦክስጅኑን መጠን ከሁለት ወደ አራት ከፍ አደረግሁት።

ማክሰኞ ምሳ ላይ የባቄላ ሾርባና የበቆሎ ዳቦ አቀረብኩለት። ማንኪያው አፉ ጋ ሳይደርስ ቆመ።

"በሩ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው..."

በዜማ ነው ያለው። ከዚያ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። ጉባኤው ሲቀበለው እንደሚያደርገው ራሱን ነቀነቀ። ኩሽናው ውስጥ ከማቀዝቀዣው ድምፅ በቀር ምንም የለም። ሲጨርስ ማንኪያውን ጣለና አየር አጠረው። መጠኑን ወደ ስድስት ከፍ አደረግሁት።

ያኔ ገባኝ። አንድ መስመር በተቀበሉት ቁጥር የሚወስዱት ትንፋሹን ነው። አንቀጹ አራት መስመር ነው። ሁለት ሄዷል።

ለጋሪክ ደወልኩ።

"አጥፋው" አልኩት።

"ሁለት ጊዜ አጠፋሁት" አለኝ፣ በሹክሹክታ። "ያን ቀን ስንት ነበራችሁ?"

"ዘጠኝ።"

"በከፈትኩት ቁጥር ይበዛሉ፣ ኔቫ።" ስልኩ ተዘጋ።

ሐሙስ ዕለት ሦስተኛውን ሰጠ። በረንዳ ላይ ነበርን። ስልኬን ለመቅረጽ ከፍቼ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬው ነበር።

"እዚያ የሚጠብቁኝ ብዙ ናቸው..."

ከዚያ ዝምታ። የጎረቤት ውሻ ብቻ። የቀረጽኩትን መልሼ ስከፍተው ግን ውሻው የለም... እነሱ ናቸው ያሉት። ቅርብ ሆነዋል። የበረንዳው ጣውላ ሥር።

"አባዬ" አልኩት፣ "ለማን ነው የምትሰጠው?"

"ለሚቀበሉኝ።"

"እነማን ናቸው?"

"ሦስት ቁጥር ጉድጓድ አብረውኝ ሲቆፍሩ የሞቱት ልጆች መስለውኝ ነበር መጀመሪያ።" ቱቦውን አስተካከለ። "አይደሉም።"

"አራተኛውን እንዳትሰጥ። በሞቴ፣ አባዬ።"

"ጀምሬ ልተወው እንዴ? አየር ስበው እኮ ነው የሚጠብቁኝ፣ ልጄ። የሳቡትን ይዘው እስከ መቼ ይቆማሉ?"

ሦስት ሌሊት አጠገቡ ተኝቼ ጠበቅሁት። እሑድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ልብሱን ልቀይርለት ጎንበስ ስል ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ዓይኑ የሚያየው ወለሉን ነው። ደረቱ ተነሳ። የኦክስጅኑ መሣሪያ ከዚህ በላይ ከፍ አይልም።

በቀኝ መዳፌ አፉን ያዝኩት።

ላድነው ነበር። አምላክ ያውቃል፣ ላድነው ነበር። ካልተናገረው አይቀበሉትም ብዬ ነው። ከመዳፌ ሥር ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ትንፋሹ ይሞቃል። "እሺ በቃ፣ አባዬ... እሺ በቃ" እለዋለሁ። ትንሽ ቆይቶ ከንፈሩ አረፈ። ተረጋጋ ብዬ ደስ አለኝ።

ምን ያህል እንደያዝኩት አላውቅም።

ቤት ድረስ የምትመጣለት ነርስ "ሳንባው ነው" ብላ ጻፈች። ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ለሰው ስናገረው ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ኮረብታው ላይ ስንቀብረው አልዘመርንም። አርባ ዓመት ሰው ሲሸኝ የኖረ አውጪ ያለ አንድ መስመር ገባ። እህት ዴልፊያ እምቢ አሉ። "ማን እንደሚቀበለን ሳናውቅ አፋችንን አንከፍትም" ነው ያሉት። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያኗ ተዘግታለች።

ፊልሙ የወጣው በዓመቱ ነው። ጋሪክ ስልክ ማንሳት ካቆመ ቆይቷል። አልሄድም ብዬ ነበር። ግን ስልኬ ላይ ያለውን አጥፍቼዋለሁ፤ የአባቴ ድምፅ የቀረው እዚያ ብቻ ነው... ናፈቀኝ፣ ሌላ ምን ልበላችሁ።

ያለፈው ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ከተማ ወርጄ ሲኒማ ገባሁ። አርባ የሚሆን ሰው አለ። ፈንዲሻ ይበላሉ፣ ያወራሉ።

የቀብሩ ትዕይንት ደረሰ።

"ከተራራው ሥር የጠበበ ቤት አለኝ..." የአባቴ ድምፅ አዳራሹን ሞላው። እነሱ ተቀበሉት። ከፊቴ ያለች ሴት "ምን ያምራል" አለች።

"በሩ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው..."

ይህን ጋሪክ አልቀረጸውም። ማንም አልቀረጸውም። ከሥሩ የማቀዝቀዣዬ ድምፅ ይሰማል። ማንኪያው ሲወድቅም ይሰማል።

"እዚያ የሚጠብቁኝ ብዙ ናቸው..."

ተቀበሉት። ከዚያ ድምፁ ተቋረጠ። ስክሪኑ ላይ ተዋናዮቹ መቃብሩን ከበው፣ አፋቸውን ገጥመው ቆመዋል። ትዕይንቱ አይቀየርም። የፈንዲሻው ድምፅ ቆመ። ዞር ስል አጠገቤ ያለው ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ ደረቱ ቀስ እያለ ይነሳል... ከፊቴ ያለችውም ሴት። ከኋላዬም።

አዳራሹ በሙሉ በአንድ ላይ አየር ሳበ።

ማንም አላስወጣም። ይጠብቃሉ።

እኔም ስቤ ነበር።

ያኔ ቀኝ መዳፌ ሞቀ። ከመሐሉ፣ ከቆዳዬ ሥር፣ ሁለት ከንፈሮች አራተኛውን መስመር ሊያወጡ ሲንቀሳቀሱ ተሰማኝ።

ጨበጥኩት። እንደጨበጥኩ ከአዳራሹ ሮጬ ወጣሁ። በሩ ከኋላዬ እስኪዘጋ ድረስ አንድም ሰው አየሩን ሲያስወጣ አልሰማሁም።

ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ጡጫዬን በጨርቅ አስሬዋለሁ። እንቅልፍ የለኝም።

ጣቶቼ እየዛሉ ነው።