የእትዬ እጆች

እትዬን ፍቅር ያስያዛት የኔ ጩኸት ነው። ይህን የሚክድ ካለ ይምጣና እማዬን ይጠይቃት። አፏ ቢከብዳትም ለዚህ ለዚህ ትመሰክራለች።

እማዬ ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ወዲህ እህቴ እትዬና እኔ ነን የምናነሳትና የምናስተኛት። አንሶላውን ከስሯ እናነጥፍና እትዬ በራስጌ፣ እኔ በግርጌ ጠርዙን እንይዛለን። ከዚያ እትዬ ወደ ጣሪያው ቀና ብላ «በል እንግዲህ ጌታዬ» ትላለች፤ እናነሳለን። እግዚአብሔርን እንዲህ ዕቃ እንደሚያሸክማት ጎረቤት ስታዋራው መጀመሪያ ሳቄ ይመጣ ነበር። በኋላ ለመድኩት።

የዚያን ቀን አንሶላው አርጅቶ ኖሮ መሃሉ ላይ ተተረተረ። እማዬ ቀስ ብላ፣ ልክ ሆን ብላ እንደምትወርድ ሁሉ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ብንስባት፣ ብንገፋት፣ ብንለምናት አልተነሳችም። የሰው ሰውነት ራሱን መርዳት ሲያቆም እንዴት እንደሚከብድ ያላነሳ አያውቀውም። እትዬ ከእማዬ ኋላ ተቀምጣ ጀርባዋን በደረቷ ደገፈቻት፤ ወደ ጣሪያው ግን ቀና አላለችም። ያ ነው ያስፈራኝ። ወደ መንገድ ሮጬ ወጣሁ።

«የሰው ያለህ!»

መንገዱ ላይ የነበረው ሰው ደግሞ እንደ እድል ሆኖ ከራሱ የሚረዝም መስታወት በብርድ ልብስ ጠቅልሎ የተሸከመ ጎረምሳ ነው።

«አንተ! እሱን አስቀምጥና ና!»

«የት ላስቀምጠው? ይሰበራል እኮ!»

«እናቴ ወድቃልኝ ስለ መስታወት ታወራኛለህ?»

ግድግዳችን ላይ አስደግፎት ገባ። ሌላ ሰው ቢሆን ዘሎ እማዬን በክንዷ ይጎትታት ነበር። እሱ ግን ፊቷ በርከክ አለና፣ «እማማ፣ ላንሳዎት? ይፈቅዱልኛል?» አላት። እማዬ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ለእትዬ፣ «በጠርዙ አይያዝም፣ ከስር ነው» አላት፤ እናቴን እንደ ሱቅ መስታወት ከስር አቅፎ፣ ሳያንገጫግጭ አልጋዋ ላይ አሳረፋት።

«ተ...ባረክ፣ ልጄ» አለች እማዬ።

«አሜን» አለና አንገቱን ደፋ። ቀና ሲል እትዬን አያት። እትዬ ፀጉሯ ተበታትኖ፣ ፊቷ በላብ ርሶ፣ የተቀደደውን አንሶላ እንዳቀፈች ነበረች። እሷም አየችው።

«መስታወትህን ሰው እንዳይወስድብህ» አልኩት።

የሰማኝ የለም።

ሥራው መስታወት መግጠም ነውና ከዚያ ወዲያ መስኮታችን መከራውን በላ። አንድ ቀን «ስንጥቅ አይቼ ነው» ብሎ መጣ። ሌላ ቀን «ማጣበቂያው ደርቆ እንደሆነ ልይ» አለ። ደግሞ ሌላ ቀን ምንም ሳይል መጥቶ በጣቱ መስኮቱን መታ መታ አድርጎ ቁጭ አለ። እትዬ ከሥራዋ ቀና አትልም፤ ለሰፈራችን ልብስ ሰፊ ኮሌታ እየገጠመች ነው የምትውለው። ነገር ግን እሱ የመጣ ቀን ኮሌታው ሁሉ ተገልብጦ ተሰፍቶ ይገኛል። ስተረትር የማመሸው እኔ!

እትዬ አንድ አመል አላት። እማዬን በማንኪያ ስታበላት አገጯን በመዳፏ ደገፍ አድርጋ፣ ሾርባውን እፍ ብላ፣ «አፍሽን ክፈቺ» ትላታለች። ለእማዬ መዋጥ ሥራ ነው፤ አንዳንዴ ትን ይላታል። በደንብ የዋጠች ጊዜ እትዬ ፊቷ ይበራና ወደኔ ዞር ትላለች።

«አየሽው?»

«ማንን?»

«ጌታዬን ነዋ። አሁን እዚህ ነበር። ዋጠች እኮ!»

«ታዲያ ሾርባችንን የሚጨርሰው እሱ ነው በይኛ!»

መስታወት ገጣሚው መስኮቱ ስር ሆኖ ይህን ሲሰማ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጠና ለእትዬ፣ «እኔ ቤተ ክርስቲያን ስገባ የማየው የመስኮቶቹን አገጣጠም ነው» አላት። «ጸሎት አይሆንልኝም። ግን መስታወት ልክ ሆኖ ሲገጥም... አይታይም። ብርሃኑ ብቻ ነው የሚገባው። ያን ጊዜ አንድ ነገር ደረቴን ይለኛል።»

እትዬ ማንኪያውን አየር ላይ ይዛ ቀረች።

«እማዬ አፏን ከፍታ እየጠበቀች ነው» አልኳቸው።

ሊያገባት የጠየቀው እማዬ ባለችበት ነው። «ከእርስዎ ነጥዬ አልወስዳትም፤ የምመጣው እኔ ነኝ» አላት። እማዬ በሚታዘዝላት ግማሽ ፊቷ አለቀሰች፤ ሌላው ግማሽ እንዳለ ቀረ። እትዬ ያን ዕለት ኮሌታ አልሰፋችም። በረንዳ ላይ ወጥታ የተሰጣ ልብስ እያነሳች መልሳ መልሳ ትሰቅላለች።

ደስታችን ብዙ አልቆየም። አንድ ትልቅ ሱቅ ፊት ለፊት ከጓደኞቹ ጋር መስታወት ሲገጥም በእጁ ላይ ፈነዳበት። ቀኝ እጁን ከአንጓው በታች ሰነጠቀው። ሐኪሞቹ ሰፉት፤ ቁስሉ ዳነ፤ ጣቶቹ ግን እንደ ሌላ ሰው ጣት ሆነው ተንጠለጠሉ። «ይመለሳል ወይ?» ሲላቸው «እናያለን» አሉት። ሐኪም «እናያለን» ካለ ነገሩ መታየቱ ያበቃ መሆኑን እኛ በእማዬ አውቀነዋል።

ከሆስፒታል ሲወጣ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር በቀጥታ እኛ ቤት መጣ። እትዬ ሾርባ ሠርታ ዳቦ ቆርሳ አቀረበች። ጓደኞቹ እየቀለዱ ይበላሉ፤ አንደኛው፣ «በግራ እጅህ ከበላህማ ከእኛ እኩል አትደርስም፣ እሰይ!» ይለዋል። እሱም ይስቃል። በግራው ማንኪያውን ያነሳል፣ ግማሹ ይፈሳል። እንደገና ያነሳል፣ ይፈሳል።

እትዬ ከጎኑ ነበረች። ከዚያ ያደረገችውን ያደረገችው አስባ አይደለም፤ እጇ ነው ያደረገው። ፎጣ አንስታ አንገቱ ስር ሸጎጠችለት። ማንኪያውን ከእጁ ወሰደች። እፍ አለችበት። አገጩን በመዳፏ ደገፈችና በዚያው ድምፅ፣ እማዬን በምታበላበት ድምፅ፣ «አፍህን ክፈት» አለችው።

ደንግጦ ከፈተ። ዋጠ።

እሷም ፊቷ በርቶ ወደኔ ዞረች። «አየሽው?»

ጓደኞቹ መሬት መሬት አዩ። መስታወት ገጣሚው ፎጣውን ከአንገቱ አወጣ፤ በግራ እጁ እየተቸገረ አጠፈው፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እማዬን ጎንበስ ብሎ ተሰናበታትና ወጣ።

እትዬ ማንኪያዋን እንደያዘች፣ «ምን አደረግኩ?» አለች። «ትኩስ ነበር እንዴ?»

ቀረ። ቀናት አለፉ፣ መስኮታችንን የሚነካ ጠፋ። እትዬ እማዬን ጥላ ልትሄድ አትችልም፤ ስለዚህ የተላክሁት እኔ ነኝ። ከእናቱ ጋር የሚኖርባት ክፍል ከሚሠራበት መስታወት ቤት ጀርባ ናት። በር ላይ ተቀምጦ ያችን እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ ያያታል።

«ምን ልበላት?»

«ደህና ነው በያት።»

«ይሄን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ውሸት ለመሸከም ነው?»

ሳቅ ሊል ነበር፣ ተወው። «ምላሶ፣ እህትሽ እኮ ጥሩ ሰው ናት። ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን እናትሽን በምታይበት ዓይን ነው ያየችኝ።»

«ታዲያ ምን አለበት? እማዬን ስታይ እኮ የምታየው እግዚአብሔርን ነው!»

«እኔ እግዚአብሔር መሆን አልፈልግም» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ባል ነው መሆን የምፈልገው።»

ያንን ቃል ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ለእትዬ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። «ባል ነው መሆን የምፈልገው አለ?» ብላ ደግማ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረ። መርፌዋን ኮሌታው ላይ ሰካችና ሁለት እጆቿን ከፊቷ ዘርግታ አየቻቸው።

«ሌላ አላውቅማ» አለች። «ሰው መውደድ የማውቀው በእነዚህ ነው። ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ማገላበጥ። ሌላ መውደድ ካለ ማን አስተምሮኝ?»

እማዬ ከአልጋዋ ሆና ትሰማለች። የሚታዘዝላትን እጅ ዘረጋች፤ ግን ሩቅ ነን፣ አልደረሰብንም። ማታ እትዬ ስትጸልይ ጆሮዬን ጥዬ ሰማኋት። «በል እንግዲህ» አላለችም፤ የሚነሳ ነገር አልነበረማ። «አልቻልኩም» ብቻ ነው ያለችው፣ ደግማ ደጋግማ። እኔም ብርድ ልብሴ ውስጥ ሆኜ፣ «ጌታዬ፣ ለሾርባው እየመጣህ ለዚህ ትቀራለህ?» አልኩት።

በመጨረሻ ሊሰናበተን መጣ። ሌላ ከተማ ያለ ወንድሙ የመጋዘን ጥበቃ ሥራ አግኝቶለታል። የሚወስደው መኪና ደጅ ቆሟል። ዝናብ ዘንቦ ስለነበር የጨቀየ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ በካልሲው ገብቶ፣ የእማዬን ግንባር ሳመ። እማዬ እጁን፣ ያችኑ የማትሠራዋን፣ ይዛ አልለቅ አለችው። ሁለት ጤነኛ እጆች እንኳ እንደዚያ አይጣበቁም።

ለእትዬ፣ «እንግዲህ ደህና ሁኚ» አላት።

«ደህና ሁን» አለች። ከአልጋው ጫፍ አልተነሳችም። ምነው ድንጋይ ሆነች ብዬ ተናደድኩባት።

በር ላይ ተቀምጦ ጫማውን አደረገ። ክሩን ማሰር ቀረው። በግራው አንዱን ጫፍ ይዞ ሌላውን በማትሠራዋ እጁ ሊጫነው ሞከረ፤ ሾለከ። በጥርሱ ያዘው፤ ጭቃ ነው፣ ተፋው። እንደገና ሞከረ። አንዴ የክሩ ቀለበት ሊሠራለት ደርሶ ነበር። ተፈታ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ።

ልረዳው ብድግ አልኩ። እትዬ በዓይኗ ቸነከረችኝ። ያን ጊዜ ነው ያየኋት። ሁለት እጆቿን ከጭኗ ስር አስገብታ ተቀምጣባቸዋለች። ከንፈሯን ነክሳለች። እናቴን ስንት ጊዜ ስታነሳ ያላየሁትን ያህል ላብ ግንባሯ ላይ አለ።

እሱም ቀና አለና አያት።

«እጅሽ የት ሄደ?»

«ተቀምጬበታለሁ።»

«ለምን?»

«እንዳላስቀይምህ።»

ጥሩምባው ደግሞ ተነፋ። ጫማውን አየ፣ እጁን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ እግሩን ትንሽ ወደፊት ዘረጋና፣ «አልሆነልኝም» አለ። ድምፁ የሱ አይመስልም። «እሰሪልኝ።»

እትዬ መጥታ ጉልበቷን ወለሉ ላይ አደረገች። እነዚያ እጆች፣ ሳያዩ መርፌ የሚሰኩ፣ ትኩስ ሾርባ ሳያንጠባጥቡ ከማንኪያ ወደ አፍ የሚያደርሱ፣ አንዲት ክር አቃተቻቸው። ክሩን ጠመዘዘችው፣ ተወሳሰበ። ፈታችው፣ እንደገና አሰረች፣ ገና ስትለቀው ተፈታ።

«እትዬ፣ እኔ ልሰረው?»

«ዝም በይ!» አሉ ሁለቱም በአንድ ላይ።

ወደኔ አልዞረችም። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀልቷል፤ እማዬ ፊት እንዲህ ሆና አታውቅም። ዓይኗን ወደ እሱ ልታነሳ ትሞክርና ትደፋለች። እሱ ከላይ ሆኖ ያንን ሁሉ ያያል። በዚያ ሰሞን ከፊቱ ጠፍቶ የነበረው ነገር ቀስ እያለ ሲመለስ አየሁት።

ሾፌሩ ታክቶት በሩ ላይ መጣ፤ «ወንድም፣ ትሄዳለህ አትሄድም? ሰው ይጠብቃል እኮ!»

መስታወት ገጣሚው ዓይኑን ከእትዬ ሳይነቅል፣ «ሂድ» አለው። «እኔ ጫማዬ ገና አልታሰረም።»