የደረቀ ታንኳ

ሠዓሊው አያ ፋንታሁን በቁስቋም ግቢው ውስጥ ታንኳ ተጭኖት ሞቶ ተገኘ። ከጣና የሁለት ቀን የእግር መንገድ ርቆ፣ በመጋቢት ሐሩር፣ በደረቅ መሬት ላይ ታንኳ የገደለው ሰው ከእሱ በፊት አልተሰማም።

ፋንታሁን ዕድሜውን ሙሉ ከታንኳና ከቀዛፊ በቀር አልሣለም። ግድግዳ ላይ ዓሣ የሣለ ዕለት የሰፈሩ ድመት ሁሉ አፍንጫውን ሰብሮ ተመለሰ ይባላል፤ ድመቶቹ ግን ለምስክርነት አልቀረቡም።

ሃምሳ አለቃ ማሩ ሲደርስ ሬሳውን ማንም አልነካውም ነበር። የሥዕል ተማሪው በላቸው የንስሐ አባት ሊጠራ ሄዷል። ማሩ በግራ እጁ ታንኳውን ገለበጠና በቀኙ የሟቹን ራስ ዳሰሰ። ቅሉ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰባብሯል። ታንኳውን ከግድግዳው ጋር አቁሞት የነበረው ገመድም በስለት ተቆርጧል።

የማሩ አለቃ ብዙ አላሰበም። ታንኳውን ከጎርጎራ አምጥቶ ያሰረው ቀዛፊው ክንዱ ነው። ፋንታሁን በሥዕል ላይ እንደ ኃጢአተኛ በጎን ባንድ ዓይን ሥሎት አገር ስለሳቀበት፣ ባለፈው ሳምንት አራዳ ላይ በሰው ፊት ዝቶበታል። ክንዱ ታሰረ። ነገ ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ ከዚያ ወዲያ ስቅላት ነው።

የክንዱ ሚስት እናኑ ከጎርጎራ በእግሯ መጥታ ጣቢያው በር ላይ ተቀምጣለች። እንባዋ መንገድ ላይ አልቋል። ማሩ ሲያልፍ የካፖርቱን ጫፍ ያዘች።

«ጌታዬ፣ ምሕረት አልለምንም። ክንዱ ሰው ሊገድል ቢነሣ መቅዘፊያውን ነው የሚያነሣ። ታንኳ ምኑን ይገድላል?»

ማሩ ቆመ። ከዚያ በቀጥታ ወደ አራዳ ወረደ።

ሥዕሎቹን የሚሸጠው ነጋዴ ዐብደላ፣ በጉብዝናው ቡና ጭኖ ጣናን ይሻገር እንደነበር፣ ዳርቻው ድንጋይ ሲሆንበት የደረቀ ታንኳ በራሱ ላይ ተሸክሞ ወደ ውኃው ይወርድ እንደነበር አወራው። የሽማግሌውን የፋንታሁንን ዓይን ሞራ ከጋረደው አምስት ዓመት ሆኖታል፤ ሥዕሉ ግን አልተቋረጠም።

«የሚሥለው እጅ የማን እንደሆነ ጠይቀህ አታውቅም?»

«ገዢ የሚገዛው ስም ነው፣ ሃምሳ አለቃ።»

ማሩ ወደ ግቢው ተመልሶ ተማሪውን ጠየቀ። በላቸው የተራራማው ድብ ባሕር ልጅ ነው፤ ሐይቅ አይቶ አያውቅም። መምህሩ በየዓመቱ እወስድሃለሁ ይለው እንደነበር አንገቱን ደፍቶ ተናገረ። በፋንታሁን ሥራ ቤት ግድግዳውም በርጩማውም በቀለም ተጨማልቋል። ቀለም የሚፈጭበት መጅ ብቻ ታጥቦ ነጥቷል።

በማግስቱ ማለዳ ማሩ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበ፤ ክንዱ በሰንሰለት፣ እናኑ ከጎኑ፣ ዐብደላ ጥግ ይዞ።

«በላቸው፣ እስቲ ያን ታንኳ ወደ ጥላው አምጣልን።»

በላቸው ጋቢውን አደገደገና ዙሪያውን ቃኘ። «ብቻዬን? ሦስት ሰው ይጨመርልኝ እንጂ።»

ዐብደላ ሊስቅ ቃጥቶ ተወው። ክንዱ ሰንሰለቱን ረስቶ ቀና አለ።

«ታንኳ የሚሠራበት ደንገል የውኃ ቄጠማ ነው፤ ሲደርቅ ገለባ ነው» አለ ማሩ። «ይህ ታንኳ ከጥምቀት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ቢወድቅ ትከሻ ይልጥ ይሆናል እንጂ ራስ አይፈረክስም። ሽማግሌውን የመታው ሌላ ነገር ነው፤ ታንኳው የተጣለበት ታንኳ ገደለው እንድንል ነው። ይህን የሚያስብ ታንኳ ከባድ መስሎት የኖረ ሰው ነው። ክንዱ ደንገሉን ራሱ አስሮ ሠርቶታል፣ ዐብደላ ተሸክሞታል። ክንዱ ደግሞ የራሱን ቋጠሮ በጣቱ ይፈታል እንጂ በቢላ አይቆርጥም።»

ግድግዳው ላይ ወዳሉት ሥዕሎች ጠቆመ። በሁሉም ላይ አራት ሰዎች ታንኳ ተሸክመው ጎብጠዋል።

«ያ ከውኃ የወጣ፣ የራሰ ታንኳ ነው። አንተ ከመምህርህ ሥዕል የምታውቀው ይህንኑ ብቻ ነው። መጁንስ ምነው አጠብኸው?»

በላቸው ያደገደገውን ጋቢ ፈታ።

«አምስት ዓመት ዓይኑ ሆንሁለት። አንዱ ላይ ብቻ ስሜን ልጻፍ አልሁት። ‹ውኃ ሳታይ ውኃ የምትሥል ሌባ!› አለኝ። ውሰደኝ ብዬ የለመንሁት እሱን አልነበር?»

የክንዱ ሰንሰለት ተፈታ። እናኑ መሬት ላይ ተዘርግታ ተንሰቀሰቀች።

በላቸው ማንንም ሳይጠይቅ ጎንበስ ብሎ ታንኳውን በሙሉ ኃይሉ አነሣው። ታንኳው ቀለለና ለከባድ ሸክም የተዘጋጀ ጉልበቱ ወደ ኋላ አሽቀነጠረው፤ ክንዱ ደገፈው።

«ውኃውስ ምን ይመስላል?» አለ በላቸው በሹክሹክታ።

ክንዱ ወደ ግድግዳው አየ።

«እንደ ሣልኸው ነው፣ ወንድሜ።»