የኢንጂነሩ አውራ ጣት

«ፋቂው እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች ራዲዮ፣ አልጋው ላይ ተጋድማ እግሯን እያወዛወዘች።

ብሎን ግን የብርጭቆ ወረቀቱን እንደያዘች ቀረች። በግራ እጇ ያለችው ተገጣጣሚ ሄሊኮፕተር ከስንዝር ትንሽ ትረዝማለች፤ ግራጫ ፕላስቲክ፣ ገና ቀለም ያልነካት፣ ፕሮፔለሯም ያልተገጠመ። ከበሯ ሥር ፕላስቲኩ ቀልጦ የተጨማደደ ቦታ አለ። እሱን ፍቆ ማለስለስ፣ ቀለም መቀባት፣ ለነገ ማድረስ፤ ሥራው ይኸው ነበር።

ራዲዮ የክፍል ጓደኛዋ ናት። ስሙ የወጣላት አፏ ስለማያርፍ ነው። ብሎንን ብሎን ያላት ደግሞ ታላቅ ወንድሟ ነው። እሱ አንድ ዕቃ ፈትቶ በገጠመ ቁጥር አንድ ብሎን ይተርፈው ነበር። እናትና አባቱ «ልጅ በቃን» ካሉ በኋላ የመጣችውን እህቱንም «ተርፋ የተገኘች ብሎን» አላት፤ ስሙ በዚያው ጸና። እሱን ራሱን ቤቱም ሰፈሩም ኢንጂነሩ ነበር የሚለው፣ ግማሽ በአድናቆት፣ ግማሽ በፌዝ።

አሁን በፌዝ የሚጠራው የለም። ኢንጂነሩ በሞተር ሳይክል አደጋ ከሞተ ወዲህ ስሙ የሚነሣው ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው። የነካው ዕቃ ሁሉ እንደሚሠራ፣ ማንንም አስቀይሞ እንደማያውቅ ይወራል። ብሎን ይህን ሁሉ ትሰማለች፤ ምንም አይሰማትም። ሰው ሲያለቅስ ውሃ ታቀርባለች፣ ብርጭቆውን መልሳ ታጥባለች። አክስቷ «ይቺ ልጅ ደንዝዛለች» ስትል ሰምታ፣ እውነቷን ነው አለች በሆዷ። ብዙ ሰዓት ተቀምጠውበት እንደደነዘዘ እግር ነበረች፤ መኖሩንስ አለች፣ ግን ሰውነቷ የራሷ አልመስል ብሏታል።

ሄሊኮፕተሯ የሱ ነበረች። የአካሏን ሁለት ግማሾች በሙጫ ያጋጠማቸው እሱ ነው። በማግስቱ ያ ጭምድድ ምልክት ከበሩ ሥር ተገኘ። «በሙጫ እጅሽ ነክተሻታል! ስንቴ ልንገርሽ?» ብሎ ጮኸባት። ሙጫው ፕላስቲክ ያቀልጣል፤ ሙጫ የነካው ጣት አካሏን እንዳይነካ ማድረግ የዚያ ጠረጴዛ የመጀመሪያው ሕግ ነበር። «እኔ አይደለሁም» አለች። ምልክቱን ቀረብ ብላ እንድታይ እንኳ አልፈቀደላትም። አባቷ ሳይቀር «ጥፋትሽን አምነሽ ይቅርታ ጠይቂው» አላት። አልጠየቀችም። ኢንጂነሩ ከጠረጴዛው አባረራት፣ ተኮራረፉ፤ እንደተኮራረፉ ሞተ። ከዚያ በኋላ ስታስበው ስታስበው፣ ምናልባት ሳላውቅ ነክቼ ይሆናል ማለት ጀመረች። አሁን ማንን ይቅርታ ትጠይቅ?

እናቷ ደግሞ ሄሊኮፕተሯ ተጠናቃ፣ ነገ ትምህርት ቤቱ በሚያዘጋጀው፣ ለአቅራቢዋም ነጥብ በሚያዝበት የእጅ ሥራ ዐውደ ርዕይ ላይ በሱ ስም እንድትቀርብ ለምናታለች። «እንከን እንዳይኖርባት፣ ልጄ» ነበር ያለቻት።

«ካልሆነ በስቱኮ ድፈኚው» አለች ራዲዮ። «ቆይ፣ ላብራልሽ።» ተነሥታ የስልኳን መብራት ከጎን አስጠጋች።

ብርሃኑ ከጎን ሲመታው ጭምድዱ መስመር አወጣ። ቀጫጭን፣ ክብ የሠሩ መስመሮች፤ የአውራ ጣት አሻራ። ብሎን የራሷን አውራ ጣት አስጠጋችው፤ ግማሹንም አይሞላው። መስመሮቹን ደግሞ ከዳር እስከ ዳር አንድ ቀጥ ያለ ጭረት ሰንጥቋቸዋል። ኢንጂነሩ ዘጠነኛ ክፍል እያለ አውራ ጣቱን በከተር ቆርጦ ተሰፍቶ ነበር። ያንን ጠባሳ የማያውቅ በቤቱ የለም፤ ለመጣ እንግዳ ሁሉ እያሳየ ሲኩራራበት ኖሯል።

«እንዴ!» አለች ራዲዮ።

«ውሸታም» አለች ብሎን። «ውሸታም! እያወቀ!»

ጆሮዋ ጋለ። ከስንት ጊዜ በኋላ የሆነ ነገር ተሰማት፤ እሱም በሞተ ሰው ላይ ንዴት ሆኖ ተገኘ። አፈረች። ንዴቱ ግን አልሄደም፤ እንዲሄድም አልፈለገችም።

«በቃ ፋቂዋ ታዲያ» አለች ራዲዮ ቀስ ብላ። «ማን ያያል? ለእናትሽም ብለሽ...»

ሳትጨርስ የብሎን እናት የታጠፈ ልብስ ታቅፋ ገባች። «ደረሰችልሽ?» ብላ ጎንበስ አለች፤ ዐይኗም ምልክቱ ላይ አረፈ። «ያኔ ያበላሸሽው ቦታ ይሄ ነው? አይዞሽ፣ ይለቃል አይደል?»

ብሎን «አዎ» ልትል አፏን ከፈተች። አንዲት ቃል ነበረች፤ እናቷም ያችኑ ቃል እየጠበቀች ነው።

«እኔ አይደለሁም ያበላሸሁት፣ እማዬ። እሱ ነው። በኔ አላከከ።»

ኢንጂነሩ ከሞተ ወዲህ እዚያ ቤት ስለሱ እንዲህ ብሎ የተናገረ የለም። እናቷ ልብሱን አልጋው ላይ አስቀመጠች፣ ሄሊኮፕተሯን ተቀበለቻትና ወደ ብርሃኑ አዘነበለቻት። ጠባሳውን አየች። በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ብሎን ምነው ምላሴን በቆረጠው አለች በሆዷ።

«የስኳር ዕቃውን የሰበረ ጊዜ» አለች እናቷ፣ «ድመቷ ናት ብሎኝ ነበር። ድመት እኮ የለንም።»

ሣቅም ሳግም የሆነ ነገር ከደረቷ ወጣ። አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ለአባትሽ እኔ እነግረዋለሁ። እሷን ደግሞ እንደመሰለሽ አድርጊያት» ብላ ሄሊኮፕተሯን መለሰችላትና ልብሱን ረስታ ወጣች።

ብሎን አላለቀሰችም። የብርጭቆ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። አረንጓዴውን ቀለም ከፍታ አማሰለች፤ ወፍራም ነው፣ እንደዚሁ ከተቀባ መስመሮቹን ይደፍናቸዋል። ማቅጠኛውን ጠብ፣ ጠብ እያደረገች ጨመረችበት።

«መምህሩ ነጥብ ይቀንስብሻል እኮ» አለች ራዲዮ።

«ይቀንስ» አለች ብሎን፤ ቀጭኑን ብሩሽ መርጣ ከበሩ ሥር ጀመረች።