ጀርባቸውን የሰጡን ሐውልቶች

ማመን አለማመን የናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን ይህን የምጽፈው ነገሩ የደረሰበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ነው። ገና አልተነሳሁም።

ከተማው ፕራግ ነው። ዛሬ የገና ዋዜማ ነው። ከቀኑ አስር ሰዓት ተኩል ገደማ... ሊጨልም ሲል ነው የጀመረው።

ቤታችን ወንዙ ዳር፣ ከቻርልስ ድልድይ ሥር ነው። ቱሪስቱ አሮጌው የአደባባይ ሰዓት ሥር አፉን ከፍቶ ቆሞ፣ ሰዓቱ ላይ ያለው የአጽም ምስል ደወል ሲጎትት ያይና፣ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ቤተ መንግሥቱ ይወጣል። በመንገዱ ከቅዱሳኑ ሐውልቶች ጋር ፊት ለፊት ቆሞ ፎቶ ይነሳል።

እኛ ከታች የምናየው ጀርባቸውን ነው። ሐውልቶቹ ሁሉ ፊታቸውን ለመንገደኛው፣ ጀርባቸውን ለወንዙ ሰጥተው ነው የቆሙት። ከልጅነቴ ጀምሮ በዚህ መስኮት ያየሁት... ጀርባ ብቻ።

ቤታችንም ውስጥ እንደዚያው ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ራድሚል ድንጋይ ጠራቢ ነበር። የተማረ። የድልድዩን ሐውልቶች ሲያረጁ ይጠግን ነበር። እኔን ከሰባተኛ ክፍል አስወጥተው አሸዋ ጫኝ አደረጉኝ፤ ሁለት ልጅ ማስተማር አይቻልም ተባለ። እናታችን ድራሆሚራ እንግዳ ሲመጣ፣ "ይሄ ራድሚል ነው፣ ጠራቢው" ትላለች። ከዚያ በአገጯ ወደ እኔ ትጠቁምና፣ "ያ ደግሞ ሌላኛው።"

ስሜ ኦልድሪች ነው። እሷ ባትጠራውም ለናንተ ልንገራችሁ።

በእኛ ዘንድ በገና ዋዜማ እራት ላይ ከጠረጴዛ አይነሳም። የአሳው ሾርባም፣ ድንቹም፣ ዳቦውም አስቀድሞ ይደረደራል። እራቱ ሳያልቅ የተነሳ ሰው የሚቀጥለውን ገና አያይም። ደግሞም ድንገት ለሚመጣ እንግዳ አንድ ትርፍ ሳህን ይቀመጣል።

ካቻምና ራድሚል ተነሳ።

በረዶ መጣል ጀምሮ ነበር። "የጠገንኩት ሐውልት በረዶ ሲለብስ ልየው" አለ።

"ተቀመጥ" አልኩት።

"አንተ ደግሞ ባልቴት ሆንክ እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝና ወደ መስኮቱ ሄደ።

ማንኪያው ከእናቴ እጅ ወደቀ።

በጸደይ ራድሚል ከሥራ መወጣጫው ላይ ወንዙ ውስጥ ወደቀ። ጠላቂዎች ፈለጉት... አልተገኘም። እናቴ የምትቀብረው አጣች።

አምና በዋዜማው እኔና እሷ ብቻ ተቀመጥን። ትርፉን ሳህን በእሱ ወንበር ፊት አደረገችው። ሾርባችንን ጀመርን።

ከዚያ... ድምጽ።

ጥክ... ጥክ... ዷ።

ሁለት ቀላል፣ አንድ ከባድ። ራድሚል መሮውን በመዶሻ የሚመታው እንደዚያ ነበር።

በገና ዋዜማ ድልድዩ ላይ ማንም አይሠራም።

"ሰማህ?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ምንም የለም፣ እማ።"

"ትዋሻለህ።"

ጥክ... ጥክ... ዷ።

የራድሚል ኮት እሱ ከሞተ ጀምሮ ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው። አየችው።

"ብርድ ላይ ነው የሚሠራው። ኮቱን ልውሰድለት።"

እጅጌዋን ያዝኩ። "እማ፣ አትነሺ። እኔ እኮ አለሁ።"

አየችኝ። በክፋት አልነበረም፤ በክፋት ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

"አንተማ ሁሌም አለህ" አለች።

ተነሳች።

በመስኮቱ አየኋት። ሻርፗን ተከናንባ፣ ኮቱን እንደ ሕፃን አቅፋ ድልድዩ ላይ በእነዚያ ጀርባዎች መሐል አለፈች። መዶሻው ቆመ።

ስትመለስ ኮቱ የለም። ጣቶቿ ላይ ነጭ የድንጋይ አቧራ ነበር። ተቀመጠችና አሳዋን በላች... ራድሚል ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስትበላ አይቻት አላውቅም።

"በርዶታል?" አልኳት። ምን እንዳስጠየቀኝ እንጃ።

"እጁን ብቻ" አለች።

ቅጠል ሲረግፍ ሞተች። በተኛችበት።

ዘንድሮ ብቻዬን ነኝ። ሾርባውን ራሴ ሠራሁ። እንደ እሷ አልሆነልኝም። ሁለት ትርፍ ሳህን አስቀመጥኩ።

ጎረቤት በሩን አንኳኩቶ "እንኳን ለገና አደረሰህ" የሚል የለም። የጠረጴዛውን ጫፍ ይዤ ጠበቅሁ።

ጥክ... ጥክ... ዷ።

አልተነሳሁም። አንገቴን ብቻ ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ጀርባ... ጀርባ... ጀርባ...

ከዚያ ፊት።

አንዱ ሐውልት ወደ ወንዙ ዞሯል። ወደ እኔ። ትከሻው ላይ ከበራችን ጀርባ ተሰቅሎ የነበረው ኮት አለ። ከእሱ ራቅ ብሎ ሌላ... አጠር ያለ፣ ጎበጥ ያለ፣ ሻርፕ የተከናነበ። እሱም ዞሯል።

ድንጋይ ናቸው። ግን ያዩኛል። በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን እንኳ እንደዚህ አይተውኝ አያውቁም።

ሾርባዬ ቀዝቅዟል። ማንኪያዬን አስቀምጫለሁ።

መዶሻው አሁንም አልቆመም።

ድልድዩን ከዳር እስከ ዳር በረዶ ሸፍኖታል። በሁለቱ መሐል ግን ማንም ያልቆመበት የሐውልት መቆሚያ አለ...

እሱ ላይ ያለው በረዶ ተጠርጓል።